ከአባቶች አንደበት ወደ ሬዲዮ፦ የትኛው የድምፅ መቅረጫ ይሻለናል?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን በሁለት ተከታታይ ሳምንታት የቀረበ ንግግር ሲሆን ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)



  

ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ወጣት ጀማዓዎች የሚደርሰን ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። «የሰፈራችንን ሼኾችና አዛውንቶች ቃል እየቀዳን ልንልክላችሁ እንፈልጋለን። ገንዘብ አዋጥተናል። ምን ዓይነት መቅረጫ እንግዛ?» ይሉናል። አላህ ኒያቸውን ይቀበላቸው። ጥያቄው የዕቃ ግዢ ጥያቄ ቢመስልም በውስጡ ያለው ጉዳይ ከዕቃ ይበልጣል።

ሦስቱ ከተሞች አዲስ አበባን ከሦስት አቅጣጫ የከበቡ ናቸው። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ይገኛሉ። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። በየሰፈሩ ቀድሞ ከኖረው ሕዝብ ጎን ከወሎ፣ ከስልጤ፣ ከጉራጌ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ የመጣው ቤት ሠርቶ ተቀምጧል። ከልጆቻቸው ጋር ለመኖር አገራቸውን ትተው የመጡ አዛውንቶችም አሉ። ከእነዚህ መካከል በወጣትነታቸው ከሐሪማ ወደ ሐሪማ እየዞሩ ኪታብ የቀሩ፣ የሼኾቻቸውን ሰንሰለት በቃላቸው የሚያውቁ፣ የሰፈሩ መስጊድ ቆርቆሮ ከመምታቱ በፊት በማን ግቢ ይሰገድ እንደነበር የሚያስታውሱ ይገኛሉ። ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ የለም። ባለቤቱ ወደ አኼራ ሲሄድ አብሮት ይሄዳል።

የአፍ ቃል ዋጋ እንዳለው የታሪክ ሰዎችም ይመሰክራሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ያረፉት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ምሁር ሑሴን አሕመድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ነበረው የወሎ እስልምና የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ታትሟል። ለዚህ ሥራ ከጽሑፍ ሰነዶች ሌላ ከአዛውንቶች አንደበት የሰበሰቡት ቃል ትልቅ መሠረት ሆኗቸዋል። ወደ ኋላ ከሄድን ደግሞ ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) አንድ ሐዲስ ከሰማው ሰው አፍ ለመስማት ግመል ገዝተው እስከ ሻም የአንድ ወር መንገድ መጓዛቸው የታወቀ ነው። የሐዲስ ሊቃውንት ከሼኹ አፍ በቀጥታ መስማትን ከዕውቀት መቀበያ መንገዶች ሁሉ ከፍ ያለ ደረጃ የሰጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ ወደ መሣሪያው እንምጣ።

ከሚላኩልን ቅጂዎች ውስጥ አብዛኞቹ በሞባይል የተቀዱ ናቸው። ቁም ነገሩ አለ፤ ድምፁ ግን ለአየር አይበቃም። ሼኹ ከጓዳ የሚናገሩ ይመስላሉ፤ በላያቸው ላይ ባጃጅ ያልፋል፣ ስኒ ይንኳኳል። ሞባይል የሚቀዳውን ድምፅ ብዙ ጊዜ በራሱ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ሼኹ ትንፋሽ ለመውሰድ ዝም ሲሉ የክፍሉን ረብሻ ያጎላዋል፤ ሲናገሩ መልሶ ይጫነዋል። አድማጭ ለአምስት ደቂቃ ይታገሳል፣ ከዚያ ጣቢያ ይለውጣል። «ታዲያ ማይክ ሞባይሉ ላይ ብንሰካስ?» የሚሉን አሉ። ከምንም ይሻላል። ግን ሞባይልና ርካሽ መቅረጫዎች የሚቀበሉት በቀጭኗ የማዳመጫ መሰኪያ የሚገባ ማይክ ነው። የሬዲዮ ሰዎች የሚጠቀሙበት ባለ ሦስት እግር መሰኪያ (ኤክስ ኤል አር የሚባለው) ከዚያ የሚለይበት ምክንያት አለው።

ማይክሮፎን ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ የሚያወጣው ኤሌክትሪክ ግን እጅግ ትንሽ ነው። በየመስጊዱና በየአዳራሹ የምናየው ሹር ኤስ ኤም 58 እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ጠንካራ ማይክ ነው። በፋብሪካው መለኪያ፣ ጠንከር ባለ ድምፅ ፊት የሚሰጠው ከ2 ሚሊ ቮልት በታች ነው። ድምፃቸው የደከመ የሰማንያ ዓመት አባት ፊት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። መቅረጫው ይህን ከ500 እስከ 1000 እጥፍ ማጉላት ይኖርበታል። በገመዱ ላይ የገባ ማንኛውም ረብሻም አብሮ 1000 እጥፍ ይጎላል። የቤቱ የመብራት መስመር «እምምም» የሚለው፣ የሞባይል ስልክ «ትትት… ትትት» የሚለው በዚህ መንገድ ነው።

ባለ ሦስት እግሩ መሰኪያ ይህንን ነው የሚከላከለው። ከሦስቱ እግሮች አንዱ ወደ መሬት የሚሄደው ነው። ሁለቱ ያንኑ አንድ ድምፅ ይሸከማሉ፤ አንደኛው ግን የሌላው ግልባጭ ነው። ከውጭ የሚገባው ረብሻ በሁለቱም ላይ እኩል ይገባል። መቅረጫው የሁለቱን ልዩነት ብቻ ሲወስድ እኩል የገባው ረብሻ ይጣፋል፤ ድምፁ ይቀራል። ስለዚህ አሥር ሜትር ገመድ ዘርግታችሁም በንጽሕና መቅዳት ትችላላችሁ። በቀጭኗ መሰኪያ ይህ የለም። ሁለተኛው ጥቅም ደግሞ ኮንደንሰር የሚባሉት ረቂቅ ማይኮች የሚፈልጉት የ48 ቮልት ኃይል (ፋንተም ፓወር ይሉታል) በዚሁ ገመድ ከመቅረጫው ወደ ማይኩ መሄድ መቻሉ ነው።

ይህ መሰኪያ ያላቸው ተንቀሳቃሽ መቅረጫዎች የትናንት ፈጠራ አይደሉም። በሪል ቴፕ የሚቀዳውን ናግራን ስቴፋን ኩደልስኪ የተባለ የፖላንድ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1951 በስዊዘርላንድ ሠራው። ስሙ በፖላንድ ቋንቋ «ይቀዳል» እንደ ማለት ነው። ለብዙ ዓመታት የሬዲዮና የፊልም ሰዎች በትከሻቸው ተሸክመውት ዞረዋል። እኛ ግን በደንብ የምናውቀው እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣውን ካሴት ነው። የሼኽ ሙሐመድ አወል ሐምዛ መንዙማ ከቤት ወደ ቤት የዞረው በካሴት ነበር። (በመንዙማ ላይ ያለው ክርክር የዑለሞች ፋንታ ነው፤ እኛ የምናወራው ስለ ድምፁ ነው።) ካሴት ከካሴት በተገለበጠ ቁጥር ሽሽታው እየጨመረ ቃሉ እየደበዘዘ ይሄድ እንደነበር ዕድሜው የደረሰ ሁሉ ያስታውሰዋል። ዛሬ ፋይል አንድ ሺህ ጊዜ ቢገለበጥም አንድ ነው። ስለዚህ ጥራቱ የሚወሰነው በመጀመሪያው ቀን፣ ሼኹ ፊት በተቀመጠው ማይክና መቅረጫ ነው። በኋላ የሚጨምርለት የለም።

በገበያው ላይ በሁለተኛ እጅ የሚገኙትንም ጨምሮ ጥቂቶቹን እናወዳድር። ዋጋ አንጠራም፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዛሬ ዋጋ ለነገ አይሆንም።

ማራንዝ ፒ ኤም ዲ 660 በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በብዙ የሬዲዮ ጋዜጠኞች እጅ የነበረ ነው። ሁለት ባለ ሦስት እግር መግቢያ አለው፣ በ4 ድንጋይ ይሠራል፣ አያያዙ የድሮ ቴፕ ስለሚመስል አዛውንትም አይደነግጡበትም። ግን የሚቀዳው ኮምፓክት ፍላሽ በሚባለው ሰፊ ካርድ ላይ ነው፤ ካርዱን ዛሬ መርካቶም ብትዞሩ በቀላሉ አታገኙትም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የውስጡ ማጉያ ነው። ደካማ ማይክ ሲሰካበት «ሽሽሽ» ይላል። ታናሽ ወንድሙ ፒ ኤም ዲ 661 በተለመደው ኤስ ዲ ካርድ ይቀዳል፣ ጥራቱም ከፍ ያለ ነው። ማራንዝ ከወደዳችሁ እሱን ፈልጉ።

ዙም ኤች 4 ኤን እ.ኤ.አ. በ2009፣ የተሻሻለው «ፕሮ» ደግሞ በ2016 ወጣ። በእጅ ይያዛል፣ በራሱ ላይ ሁለት ማይክ አለው፣ ከታች ሁለት ባለ ሦስት እግር መግቢያ አለው። ለጀማሪ ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ኤች 4 ኤን ግን ኤስ ኤም 58 ተሰክቶበት ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ሲቀዳበት ሽሽታው ይሰማል። የታስካም ዲ አር 40 ኤክስ በዚሁ መደብ ነው። በእሱ ላይ የምወድለት አንድ ነገር አለ፤ የምትቀዱትን ድምፅ ዝቅ አድርጎ ሁለተኛ ቅጂ ጎን ለጎን ይይዝላችኋል። ሼኹ በድንገት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተክቢራ ሲያሰሙ የመጀመሪያው ቢሰነጠቅ ሁለተኛው ይተርፋል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ኤች 6 አራት የማይክ መግቢያ አለው፤ በ4 ድንጋይ ይሠራል። አንድ ዓሊምና ሦስት ደረሳ ተቀምጠው ሲወያዩ ለእያንዳንዳቸው አንድ ማይክ መስጠት ከፈለጋችሁ ምርጫው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. የ2014ቱ ኤች 5 ሁለት መግቢያና 2 ድንጋይ ያለው ሆኖ ከኤች 4 ኤን ይበልጥ ጸጥ ያለ ነው።

ከዚያ በኋላ ሌላ መንገድ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ዙም ኤፍ 3 ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ፣ የራሱ ማይክ የሌለው፣ ሁለት ባለ ሦስት እግር መግቢያ ብቻ ያለው፣ በ2 ድንጋይ የሚሠራ ሣጥን ነው። ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ ቁልፍ የለውም። ባለ 32 ቢት ፍሎት በሚባለው ስልት ስለሚቀዳ አያስፈልገውም። ድምፁ ዝቅ ብሎ ቢገባ በኋላ በኮምፒውተር ብታጎሉት ጥራቱ አይጎድልም፤ ጮኾ ቢገባም መቅረጫው አይሰነጥቀውም። እርግጥ ማይኩ ራሱ ከአቅሙ በላይ ከተጮኸበት ማንም መሣሪያ አያድነውም። የሳውንድ ዲቫይስስ ሚክስ ፕሬ 3 ሁለተኛው ዓይነት (እ.ኤ.አ. የ2019) ሦስት መግቢያ ያለው፣ በፊልም ባለሙያዎች ዘንድ የተከበረ መሣሪያ ነው፤ እሱም በ32 ቢት ይቀዳል። ድንጋይ ግን በብዙ ይበላል፣ ዋጋውም ከሌሎቹ በእጅጉ ይከብዳል።

እዚህ ላይ በሻጭ ወረቀት እንዳትታለሉ አንድ ነገር ላንሳ። የውስጥ ማጉያ ሽሽታ በዴሲቤል ይለካል፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች በራቀ መጠን መሣሪያው ጸጥ ያለ ነው። ለኤፍ 3 አምራቹ 127 ከዜሮ በታች ይላል፤ ለሚክስ ፕሬ ደግሞ 130 ከዜሮ በታች ይላል። ሁለተኛው በሦስት የሚበልጥ ይመስላል። ግን የመጀመሪያው የተለካው በ«ዲ ቢ ዩ»፣ ሁለተኛው በ«ዲ ቢ ቪ» ነው፤ በሁለቱ መለኪያዎች መካከል 2.2 ልዩነት አለ። በአንድ ሚዛን ብናስቀምጣቸው 127 እና 127.8 ይሆናሉ፤ የሰው ጆሮ አይለያቸውም። ማይክሮፎኑ ራሱ በተፈጥሮው ከሚያወጣው ሽሽታ ዝቅ መውረድ ደግሞ አይቻልም፤ ያም በ«ዲ ቢ ዩ» ወደ 131 ግድም ነው። ስለዚህ ከዚህ ደረጃ በላይ የምትከፍሉት ገንዘብ ለጸጥታ ሳይሆን ለሌላ ምቾት ነው።

የኔ አስተያየት ይህ ነው። ሦስቱ ከተሞች ሦስት ርካሽ መቅረጫ ከሚገዙ አንድ ጥሩ ገዝተው በተራ ይጠቀሙ። ለአንድ ለአንድ ጭውውት ኤፍ 3 ይበቃል። በተለይ ጠያቂውና ቀጂው አንድ ሰው ሲሆን ዓይኑን ከሼኹ ፊት ነቅሎ ቁልፍ ሲያስተካክል አይውልም፤ ከአዳብም አንጻር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለእሱ የማይሆነው ወገን ፋይሉን በሞባይል ብቻ የሚያዳምጥ ነው፤ ባለ 32 ቢቱን ብዙ ስልኮች አይከፍቱትም። በነጻ በሚገኘው ኦዳሲቲ ፕሮግራም ወደ 24 ወይም 16 ቢት ለውጦ መላክ ግድ ነው። ይህን የሚችል ወጣት በጀማዓችሁ ከሌለ ኤች 5 ወይም ዲ አር 40 ኤክስ ይሻላችኋል።

ከመቅረጫው በፊት ግን ገንዘቡ ለማይክ፣ ለገመድና ለጆሮ ማዳመጫ ይመደብ። ውድ መቅረጫ ገዝቶ ያለ ማዳመጫ መቅዳት ዓይን ሸፍኖ መኪና እንደ መንዳት ነው። ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ትንፋሽ እንዳይመታው ወደ አገጭ ዝቅ ይበል። ከአንድ ስንዝር ወደ ሁለት ሲርቅ ድምፁ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ የክፍሉ ረብሻ ግን ባለበት ነው። ብዙ ሰው መቅረጫ በመቀየር የሚፈልገውን ለውጥ አንድ ስንዝር በመጠጋት ያገኘዋል።

የቦታውም ጠባይ ይታሰብ። ሰበታ ላይ ችግሩ የጅማው መንገድ የጭነት መኪና ነው፤ ከመንገድ የራቀውን ጓዳ ምረጡ፣ ፍራሽና ምንጣፍ ያለበት ክፍል ባዶ ሳሎንን ያስንቃል። ሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ መሆኗንም አንርሳ። በጆሮው ለሚማር ሰው የአንድ ሐርፍ ጥራት ተራ ነገር አይደለም፤ «ሲን»ና «ሷድ»ን የሚለየው እዚያ ላይ ነው። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳምና ነፋሻ አገር ናት። ተራው ድንጋይ በብርድ ቶሎ ይደክማል፤ ቻርጅ የሚደረገው የተሻለ ይቋቋማል። በመቅረጫው ውስጥ የድንጋዩን ዓይነት የምትመርጡበት ቦታ ካለ አስተካክሉት፤ አለዚያ የቀረውን ኃይል በትክክል አያሳያችሁም። ደጅ ላይ ከቀዳችሁ ስፖንጅ ብቻ አይበቃም፤ ፀጉራም የንፋስ መከላከያ ያስፈልጋል። ቡራዩም ሆነ የትም ቢሆን በክረምት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዝናብ ከጀመረ ማቆም ነው፤ ለዚያ መድኃኒት የለም። መብራት ቢጠፋ አትጨነቁ፤ አብዛኞቹ አዳዲሶቹ በፓወር ባንክ ይሠራሉ። እንዲያውም መብራት ሲጠፋ ፍሪጁም ቴሌቪዥኑም ዝም ስለሚል ቅጂው ያምራል።

በመስጊድ ውስጥ ደርስ ሲቀዳ ከአምፕሊፋየሩ ገመድ መሳብ የተለመደ ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ከአምፕሊፋየር የሚወጣው ድምፅ ከማይክ ከሚወጣው በብዙ መቶ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። መቅረጫውን ከ«ማይክ» ወደ «ላይን» ሳትቀይሩ ከሰካችሁ የምታገኙት ጩኸት ነው። 48 ቮልቱም መጥፋቱን አረጋግጡ፤ የመስጊዱን ዕቃ ሊጎዳ ይችላል። የድምፅ ማጉያ (ስፒከር) የሚሰካበትን መውጫ ደግሞ በፍጹም እንዳትነኩ። ካልተማመናችሁ ከኢማሙ ማይክ ጎን የራሳችሁን ማይክ ማሰር ይበልጣል።

ካርድን በተመለከተ ባለ 24 ቢት፣ 48 ኪሎ ኸርዝ ሁለት መስመር ቅጂ በሰዓት ወደ 1 ጊጋ ባይት ይፈጃል፤ ባለ 32 ቢቱ 1.4 ገደማ። ባለ 32 ጊጋ ካርድ ከ20 ሰዓት በላይ ይይዛል ማለት ነው። ቦታ ለመቆጠብ ብላችሁ በኤም ፒ 3 አትቅዱ። ለመላክ አሳንሱት፣ ዋናውን ግን አስቀምጡ። ግብፃዊው ቃሪእ ሼኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ ሙሉ ቁርኣንን በተርቲል ያስቀዱት ቅጂ እ.ኤ.አ. በ1961 ወጣ፤ በ1964 የካይሮው የቁርኣን ሬዲዮ ሲከፈት ድምፃቸው በአየር ላይ ዋለ። ከስድሳ ዓመት በኋላ እነሆ ልጆቻችን መኻሪጅ የሚማሩበት ዋናው ስለተጠበቀ ነው።

የቀረው የአማና ጉዳይ ነው። አንዳንድ ሼኾች ሪያእን ፈርተው መቀዳትን ይጠላሉ። ደብቆ መቅዳት አይገባም፤ መቅረጫውን ፊት ለፊት አስቀምጡ፣ ፈቃድ ጠይቁ፣ ፈቃዱንም በድምፅ ያዙት። «ይህ በሬዲዮ አይውጣ» ካሉ አይውጣ፤ ለቤተሰባቸው ተቀምጦ ይቆይ። እናቶችንም አትርሱ። ሴቶች እንዴት ይቀሩ እንደነበር፣ የቱ ዱዓ በየትኛው ቤት ይደረግ እንደነበር የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ወደ እነሱ የምትሄደው ቀጂ እህት ብትሆን ወጉም ይጠበቃል፣ ጨዋታውም ይደምቃል። መሣሪያውን ለወንዶች ብቻ የምታስተምሩ ጀማዓዎች ይህንን አስቡበት።

ቅጂው ሲጀመር የሚናገሩትን ሰው ስም፣ የትውልድ አገራቸውን፣ ከማን እንደ ቀሩ፣ የተቀዳበትን ከተማና ሰፈር፣ ቀኑን በሀገራችንና በሂጅራ አቆጣጠር በቃል ተናገሩ። የፋይል ስም ሊጠፋ ይችላል፤ በድምፁ ውስጥ ያለው አይጠፋም። ከዚያ ማንም ሳይናገር አንድ ደቂቃ ሙሉ የክፍሉን ጸጥታ ቅዱ፤ ስናስተካክል የምንሞላበት እሱ ነው። በዚያው ምሽት ፋይሉን በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ገልብጡ፣ ሁለቱንም ከፍታችሁ አዳምጡ፣ ካርዱን ከዚያ በኋላ አጥፉት።